ንብረት የቀረላትና ምእመን የቀረላት

ስዊድን ውስጥ በየአራት ዓመቱ የቤተ ክርስቲያን ምርጫ ይካሄዳል። የሉተራኒቱ የስዊድን ቤተ ክርስቲያን አባል የሆነና ዕድሜው 16 ዓመት የሞላ ሁሉ የምርጫ ካርዱ በፖስታ ይደርሰዋል፤ ድምፅ ሊሰጥ ሲሄድም ከሚቀርቡለት ስሞች መካከል በአገሪቱ ፓርላማ ወንበር ያላቸው ፓርቲዎች ይገኙበታል። ሶሻል ዴሞክራቶች፣ የመሀል ፓርቲና በስደተኛ ጉዳይ በሚያራምዱት ጠንካራ አቋም የሚታወቁት የስዊድን ዴሞክራቶች በአጥቢያው ጉባኤም ሆነ በጠቅላላ ጉባኤው ተቀምጠው ስለ በጀት፣ ስለ ሕንፃ ጥገና፣ አንዳንዴም ስለ አምልኮ ሥርዓት ይወስናሉ። ይህንን ጎንደር ላሉ አንድ የኔታ ባወራሁላቸው ጊዜ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ ጳጳሱንስ የሚሾመው ካድሬው ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ዛሬ አይደለም፤ ነገር ግን ከእ.ኤ.አ. 2000 በፊት ቢጠይቁኝ ኖሮ ከቀረቡት ሦስት ዕጩዎች አንዱን የሚሾመው መንግሥት ነው ብዬ እመልስላቸው ነበር።

ስዊድን ቤተ ክርስቲያንንና መንግሥትን በሕግ የለየችው እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2000 ነው (የስዊድኑን ዓመት ሁሉ የምጽፈው በዚሁ አቆጣጠር ነው)። እስከ 1996 ድረስ ከአባል ወላጅ የተወለደ ሕፃን ሳይጠመቅ እንኳ በልደቱ አባል ይሆን ነበር፤ ከ1951ዱ የሃይማኖት ነጻነት ሕግ በፊትማ ወደ ሌላ የታወቀ የእምነት ማኅበር ካልገቡ በቀር ከቤተ ክርስቲያኒቱ መውጣት አይፈቀድም ነበር። መለያየቱ በኮሚቴና በሒሳብ ባለሙያ ለብዙ ዓመታት ተጠንቶ፣ ያለ ጩኸትና ያለ ደም የተፈጸመ ነው፤ ብዙው ነገር ባለበት የቀረውም ስለዚህ ይመስለኛል። ከገቢያቸው አንድ በመቶ ገደማ የሚሆነውን የአባላቱን መዋጮ እስከ ዛሬ ከግብር ጋር አብሮ የሚሰበስብላት የመንግሥት ግብር መሥሪያ ቤት ነው። ከስቶክሆልምና ከትራኖስ በስተቀር የመቃብር ቦታ የሚተዳደረው በእርሷ ስለሆነ ሙስሊሙም፣ ኦርቶዶክሱም፣ እምነት የለኝም ባዩም የቀብር ክፍያውን ለእርሷ ይከፍላል። ከአገሪቱ ታላላቅ የደን ባለቤቶች አንዷም ናት። ንጉሡ ደግሞ በ1810 በወጣው የአልጋ ወራሽነት ሕግ መሠረት የሉተራንን እምነት መከተል ግዴታው ነው፤ ለዜጋው ሁሉ የታወጀው የሃይማኖት ነጻነት ለእርሱ አልደረሰውም።

ያልቀረላት ምእመኑ ነው። መለያየቱ በታወጀበት ዓመት ከአምስት ስዊድናውያን ከአራት የሚበልጡት አባል ነበሩ፤ ዛሬ አባላቷ ከሕዝቡ ግማሽ እምብዛም አይበልጡም፤ በ2021 በተደረገው የቤተ ክርስቲያን ምርጫም ድምፅ የሰጠው ከአምስት መራጮች አንድ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ፓርቲዎቹ እዚያ የሚሻሙት ሕዝብን ሳይሆን ንብረትንና የመወሰን ሥልጣንን ነው።

ይህ ማለት ግን ድምጿ አይሰማም ማለት አይደለም። ፓርላማው ሲከፈት እንደራሴዎች በስቶክሆልም ካቴድራል ጸሎት የሚገኙበት ልማድ አለ፤ በ2010 የከተማይቱ ጳጳስ በስብከታቸው ዘረኝነትን በመቃወም ሰልፍ የወጡትን ሰዎች ቢያመሰግኑ፣ ያን ጊዜ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ የተመረጡት የስዊድን ዴሞክራቶች እንደራሴዎች ጸሎቱን አቋርጠው ወጡ። በ2005 የፋሲካ ሰሞን ደግሞ አብያተ ክርስቲያናት ተባብረው ጥገኝነት ለተከለከሉ ስደተኞች ምሕረት እንዲደረግ አቤቱታ ሲያቀርቡ ከ150 ሺህ በላይ ሰው ፈረመ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ጉዳያቸው እንደገና የሚታይበት ጊዜያዊ ሕግ ወጣ። እኔ ይህን ሳስብ ትዝ የሚለኝ የመነኮሳቱ አለቃ የእጨጌው ሰፈር፣ እጨጌ ቤት ነው። በነገሥታቱ ዘመን ከንጉሥ ቁጣ የሸሸ የጎንደር ሰው እጨጌ ቤት ገብቶ ይማጸን ነበር፤ ወታደርም ተከትሎት አይገባም።

የጎንደር ከተማ ራሷ የዚሁ የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ጉዳይ ልጅ ናት። ዐፄ ሱስንዮስ በ1614 ዓ.ም. ካቶሊክነትን በይፋ ተቀብለው ሕዝቡንም ሊያስከትሉ ቢነሡ አገሩ በጦርነት ታመሰ፤ በ1624 ዓ.ም. አዋጃቸውን መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለቀቁ። «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ» የተባለው ያን ጊዜ ነው፤ ፋሲልም ጎንደርን መናገሻቸው አደረጉ። ከዚያ በኋላ በግቢው በክርስቶስ ምሥጢር ላይ የተለያዩት የቅባትና የተዋሕዶ ሊቃውንት ሲከራከሩ ንጉሡ ዳኛ ሆኖ ይቀመጥ ነበር፤ ክርክሩን የሚቋጨውም ብዙ ጊዜ የመጽሐፉ ምስክርነት ብቻ ሳይሆን የዙፋኑ ዝንባሌ ነበር። እቴጌ ምንትዋብ ለደብረ ፀሐይ ቁስቋም የሰጡት ጉልት፣ ማለትም ግብሩ ለደብሩ የሚገባ መሬት፣ ብዙ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በበኩላቸው የካህናቱን መሬት ሊቀንሱ ተነሥተው ከቤተ ክህነት ጋር ተጣሉ፤ በመጨረሻም የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት አስዘርፈው መጻሕፍቱን ወደ መቅደላ አስጋዙ።

በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ተብላ ከመንግሥት ድጋፍ እንደሚደረግላት ተጽፎ ነበር። ያ ሁሉ በአንድ ጊዜ ፈረሰ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጉልቱን ወሰደ፤ በዓመቱ ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ ከመንበራቸው ወረዱ፤ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። የስዊድን ኮሚቴዎች ለዓመታት የተነጋገሩበትን ነገር ደርግ በወራት ፈጸመው። ዛሬ የጎንደር ደብር የሚኖረው በዐሥራት፣ በስለትና በምእመናን መዋጮ ነው፤ ከመንግሥት ግምጃ ቤት የምትጠብቀው ደመወዝ የለም።

ለጎንደር ቤተ ክርስቲያን የቀረላት ሕዝቡ ነው፤ ፖለቲካውም የሚመጣው ሕዝቡን ፍለጋ ነው። ጥር 11 ቀን በፋሲል መዋኛ ዙሪያ የሚሰበሰበውን ሕዝብ በጥሪና በአበል ሊሰበስብ የሚችል ፓርቲ የለም፤ ባለ ሥልጣናት በክብር ወንበር ተቀምጠው ንግግር ማድረጋቸው ከዚህ የተነሣ አያስገርመኝም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥት በሃይማኖት፣ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ይላል። ሆኖም ከጎንደር ሊቀ ጳጳስነት ለፓትርያርክነት የበቁት አቡነ መርቆሬዎስ መንግሥት ሲለወጥ ከመንበራቸው ተነሥተው ተሰደዱ፤ በውጭ የምንኖረውም ለብዙ ዘመን የአገር ቤቱ ሲኖዶስ፣ የስደተኛው ሲኖዶስና ገለልተኛ ተባብለን፣ በአንድ ከተማ በሦስት የተከራየናቸው የሉተራን ሕንፃዎች ተለያይተን ቀደስን። በ2010 ዓ.ም. ዕርቁን ያገዘውና አባታችንን ይዞ የተመለሰው ደግሞ የመንግሥት መሪ ነው። ደስ አለን፤ ጣልቃ ገብነት ነው ያለ ሰው አላጋጠመኝም። በጥር 2015 ዓ.ም. ያለ ሲኖዶሱ ፈቃድ 26 ኤጲስ ቆጶሳት ሲሾሙ ግን ሕዝቡ በጾመ ነነዌ ጥቁር ለብሶ መንግሥት እጁን እንዲያነሣ ጠየቀ። ጣልቃ ገብነትን የምንለካው በሚጠቅመን ጊዜና በሚጎዳን ጊዜ በተለያየ ሚዛን መሆኑን መካድ አይቻልም።

አንቀጽ 11 ጎንደር ላይ ይበልጥ የሚያስፈልገው ለማን እንደሆነ የተረዳሁት ስዊድን ውስጥ የሌላ ቤተ ክርስቲያን የቀብር ክፍያ ከፋይ ስሆን ነው። በ1660 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተሰበሰበ ጉባኤ ሙስሊሞች በተለየ ሰፈር እንዲኖሩ ወሰነ። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ደግሞ በጎንደር ከቤተ ክርስቲያን ጋር በሚዋሰን የመቃብር ስፍራ፣ በአንድ ሼህ ቀብር ላይ የተነሣ ጠብ የብዙ ሰው ሕይወት አጠፋ። ስዊድን ውስጥ መቃብሩን ቤተ ክርስቲያን ብታስተዳድርም፣ ክርስቲያን ላልሆነ የተለየ ቦታ የማዘጋጀት ግዴታ በሕግ ተጥሎባታል፤ በየአካባቢው የመንግሥት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት የሚሾመው ተቆጣጣሪም አለ፤ ሥራውም አባል ያልሆኑት ሰዎች በቀብር ጉዳይ እንዳይበደሉ መዝገቡንና በጀቱን ማየት ነው። ከዚያች አገር አንድ ነገር ወደ ጎንደር ላምጣ ብባል የፓርቲ ምርጫዋን ትቼ የማመጣው ይህንን ተቆጣጣሪ ነው፤ ሲሾምም መስጊዱም፣ ደብሩም፣ ፓርቲውም የእኔ ሰው ነው የማይሉት እንዲሆን እጠይቃለሁ።