«ሥራ ሲይዙ ይከፍሉታል» ቀላል ነው እንዴ?
ስለ ዩኒቨርሲቲ ክፍያ የወጣው ጽሑፍ «ክፍያው ቢጨምርም ተማሪው የሚከፍለው ሥራ ሲይዝ ስለሆነ አይጎዳም» ይላል። ይህን ያለው ሰው ዕዳ ኖሮበት የሚያውቅ አይመስለኝም! እኔ ተማሪ ነኝ፤ ከፈተናው እኩል የሚያሳስበኝ ለክፍያው የምወስደው ብድር ነው። እስቲ እንግሊዝን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1998 ተማሪ ማስከፈል ሲጀምሩ በዓመት 1,000 ፓውንድ ነበር። በ2006 ጣሪያው 3,000 ሆነ፣ በ2012 ደግሞ 9,000። የብድሩ ወለድም መቁጠር የሚጀምረው ገና ተማሪ ሳለህ ነው። «ማሻሻያ» በተባለ ቁጥር ሸክሙ የሚያርፈው እኛው ጫንቃ ላይ ነው። ከላይ በአስተያየትህ «ጀርመን ዩኒቨርሲቲ ነፃ የሆነው ሀብታም ስለሆነች ነው» ላልከው ወንድሜ፦ እዚያም እኮ አንዳንድ ክልሎች ማስከፈል ጀምረው ነበር። ተቃውሞው ሲበዛ አንድ በአንድ ተዉት፤ የመጨረሻዋ ታችኛው ሳክሶኒ በ2014 ነው የተወችው። ሀብቱማ እንግሊዝም አላት።