ፌስታል አልፈልግም ስል ይሉኝታ አይደለም!

ዛሬ ከሥራ ስወጣ አራት ኪሎ ላይ ሦስት ነገር ገዛሁ። አምስት ዳቦ፣ አንድ ኪሎ ቲማቲም፣ አንድ እስር ጎመን። ቤት ገብቼ ጠረጴዛው ላይ ስዘረግፈው አራት ፌስታል ቆጠርኩ። አራት! ቦርሳዬ ውስጥ ደግሞ የማይለየኝ የጨርቅ ከረጢት አለ። ዳቦ ቤቱም ጉሊቱም ጋ "ፌስታል አልፈልግም፣ መያዣ አለኝ" ብያለሁ። ሰሚ ግን የለም። ብሶቴን እዚሁ ልተንፍሰው።

ከዳቦ ቤቱ ልጀምር። "አምስት" ከማለቴ ልጁ እጁን ፌስታል ውስጥ ከቶ ዳቦውን ይለቅማል። "ወንድሜ፣ እዚህ አድርግልኝ" ብዬ ከረጢቴን ዘረጋሁ። "እሺ እህቴ" አለና ዳቦውን ከነፌስታሉ ከተተልኝ። ልመልስለት ነበር። ግን ከእኔ በፊት የነበረችው ሴት ስትመልስለት ጨምድዶ ከእግሩ ሥር ሲጥለው አይቻለሁ። ስለዚህ ይዤው ወጣሁ። ቢያንስ ቤት ደግሜ እጠቀምበታለሁ ብዬ።

ጉሊቷ ጋ ደግሞ ሌላ ነው። ቲማቲሙን ፌስታል ውስጥ አድርገው ነው የሚመዝኑት። "እናቴ፣ ፌስታል ይቅርብኝ፣ እዚህ ይገልብጡልኝ" አልኩ። "ስስ ነው፣ እንዳይበጠስብሽ ልደርብልሽ" አሉኝና ሁለተኛ ጨመሩ። "ኧረ ግዴለም!" ስል ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "ኧረ የኔ ልጅ፣ ፌስታል አልሰስትብሽም!" ጎመኑንም በአራተኛው ቋጠሩልኝ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። እኔ "አልፈልግም" ስል እሳቸው የሚሰሙት ይሉኝታ ነው። ቤት የመጣ እንግዳ "በልቻለሁ" ሲል "ኧረ በሞቴ" እንደምንለው ማለት ነው። ፌስታል መስጠት ደግነት ሆኗል። መደረብ ደግሞ የበለጠ ደግነት። እኚህን ሴት እንዴት ልቆጣቸው? በየጠዋቱ ፌስታሉን በእስር የሚገዙት ከኪሳቸው ነው። ጠይቄያቸው "ደንበኛ ፌስታል ካጣ ኩርፍ ብሎ ይሄዳል" አሉኝ። አያችሁ፣ እሳቸውም ወደው አይደለም።

እናቴ አትክልት ተራ ስትሄድ ዘንቢሏን ይዛ ነበር። አትክልት ተራ ማለቴ የፒያሳው፣ በ2012 በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ ከመዛወሩ በፊት። ድንቹ ከታች፣ ቲማቲሙ ከላይ፣ ቃሪያው በጎን። ዘንቢል ሳይዝ ገበያ የሚወጣ ሰው አልነበረም። ዘይት ለመግዛት ጠርሙስ ይዘን ነበር የምንላከው። ለስላሳ የሚፈልግ ባዶ ጠርሙስ ይዞ ይሄዳል፣ ካልያዘ ማስያዣ ይከፍላል። ቆራሌው ደግሞ በየሰፈሩ ይዞራል። "ቆርቆሮ ያለው" እያለ ሲጣራ ነው ስሙ ቆራሌው ሆኖ የቀረው። የተጣመመ ድስት፣ የተሰበረ ወንበር፣ አሮጌ ጫማ፣ ሁሉም ገዢ ነበረው። አካባቢን መጠበቅ ከውጭ የመጣ ቅንጦት ነው የሚለኝ ሰው ያናድደኛል። የቤታችን ልማድ ነበር እኮ!

ለምን እንዲህ ያንገበግብሻል የምትሉኝ ካላችሁ፣ ሐምሌ ላይ ኑና አሳያችኋለሁ። አምና አንድ ከሰዓት ዶፍ ጥሎ ሰፈራችን ያለው መንገድ ኩሬ ሆነ። ታክሲ መቆም አልቻለም። አንድ ጎረምሳ ሱሪውን ጠቅልሎ ገባና በእንጨት የቱቦውን አፍ ይጎረጉር ጀመር። መጀመሪያ የወጣው ጥቁር ፌስታል ነው። ከዚያ ሌላ ፌስታል፣ ከዚያ ሦስት ሃይላንድ፣ ከዚያ እርስ በርሱ የተጠላለፈ የፌስታል ገመድ የሚመስል ነገር። እሱን ሲመዘው ውሃው ጉርርር ብሎ ወረደ። ቆመን ያየን ሁሉ አጨበጨብን። ግን ያ ጎትቶ ያወጣው ክምር ዳር ላይ ተትቶ አደረ። በማግስቱ ሲዘንብ ተመልሶ ገባ።

ያመለጠውስ የት ይሄዳል? ቀበና ወንዝ ይገባል። ከቀበና ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያ አዋሽ። በአቃቂ ወንዝ ዳር ደግሞ በዚያው ውሃ ጎመንና ሰላጣ ይለማል። ያ ጎመን ተመልሶ ወደ እኛ ገበያ ይመጣል። በፌስታል ተቋጥሮ!

ሃይላንድን ካነሳሁ አይቀር የቢሮ ስብሰባም አለ። እያንዳንዱ ሰው ፊት አንድ አንድ የታሸገ ውሃ ይደረደራል። አንዱ ሁለት ጊዜ ይጎነጫል፣ ሌላው ክዳኑን ከፍቶ ይተወዋል። ስብሰባው ሲያልቅ ግማሹ ውሃ እንዳለ ይጣላል። እኔ ቤት ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። በመጣ ቀን ሌሊት ተነስቼ ጀሪካን እሞላለሁ። ጎመን ያጠብኩበት ውሃ ባልዲ ውስጥ ተጠራቅሞ ለሽንት ቤት ይሆናል። ልብስ ያለቀለቅኩበት ወለል ይወለወልበታል። እንዲህ ለምትኖር ሰው ያ ግማሽ ሃይላንድ ሲደፋ ማየት ያማል። እኔ የራሴን ኮዳ ይዤ ነው የምገባው። አንድ ማሰሮ ውሃና ብርጭቆ ማቅረብ ምን ያህል ይከብዳል?

ቆሻሻ መለየቱስ? ቤቴ ሁለት ጆንያ አለኝ። አንዱ የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የተረፈ እንጀራ። ሌላው ፕላስቲክ፣ ወረቀት፣ ጣሳ። ወራት ሙሉ ተጠንቅቄ ለየሁ። አንድ ቀን ቆሻሻ የሚያነሳው ልጅ ሲመጣ በር ላይ ነበርኩ። ሁለቱንም ተቀብሎ ዓይኔ እያየ አንድ ጆንያ ውስጥ ገለበጣቸው። ቃል አልወጣኝም። ልጁን ልወቅሰው አልችልም፣ የተሰጠው ጆንያ አንድ ነው፣ ጋሪውም አንድ። የአዲስ አበባ ቆሻሻ አብዛኛው የሚበሰብስ ነው። ለብቻው ቢወሰድ ለአፈር ማዳበሪያ ይሆናል። ሲቀላቀል ግን አብሮ ይከመራል፣ ታፍኖ ሲበሰብስም ሚቴን ጋዝ ያወጣል። መጋቢት 2009 ላይ የቆሼ ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ሰው ቀብሯል። ያንን ያየ ከተማ ሁለት ጆንያ ማዘጋጀት እንዴት ያቅተዋል?

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። በ1999 የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር በታች የሆነውን ስስ ፌስታል ከልክሎ ነበር። በ2017 ደግሞ ፌስታልን ጨርሶ የሚከለክል አዋጅ ጸደቀ። ይዞ የተገኘ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል ይላል። ክልከላውን ከልቤ እደግፋለሁ። ግን እኚያ ጉሊት ያሉ እናት 2,000 ብር ተቀጥተው ምን ይሸጣሉ? ምትኩን አቅርቡላቸው። ያ ጨርቅ የሚመስለው ባለማንጠልጠያ ቦርሳም ቢሆን አብዛኛው ፕላስቲክ ነው። በሄድን ቁጥር አዲስ ከገዛን ምን ለወጥን? ዘንቢል የሚሠሩ እጆች አሁንም አሉን። ለእነሱ ገበያ ይከፈትላቸው።

ባለሱቆች፣ ባለዳቦ ቤቶች፣ ጉሊት ያላችሁ እናቶቼ፣ አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። እጃችሁ ወደ ፌስታሉ ከመሄዱ በፊት "መያዣ አለሽ?" በሉን። "የለኝም" ካልናችሁ ያኔ ስጡን። "አለኝ" ካልን ደግሞ እመኑን። አትደርቡልን።

አራቱን ፌስታሎች አጥቤ መስኮት ላይ ሰቅያቸዋለሁ። ነገ ጠዋት እዚያው ዳቦ ቤት እመለሳለሁ። ከረጢቴን ገና ሰልፍ ላይ ሳለሁ ከፍቼ እይዛለሁ፣ ልጁ እጁን ፌስታል ውስጥ ሳይከት።