ክርክር፦ ፈረሱን ቶቲላስን ቶቲላስ ያደረገው የአባቱ ዘር ነው?

ደጋፊ፦ አዎ፣ ነው። ድሬሳዥ ፈረሱ በጋላቢው ጥቃቅን ምልክት እየተመራ የሚረግጥበት፣ ዳኞች ነጥብ የሚሰጡበት ውድድር ነው። ጥቁሩ ድንጉላ ቶቲላስ እ.ኤ.አ. በ2000 ሆላንድ ተወለደ። በ2009 መጨረሻ ለንደን ላይ ከጋላቢው ከኤድዋርድ ጋል ጋር በሙዚቃ ታጅቦ በሚደረገው ውድድር 92.30 በመቶ አገኘ። በ2010 ደግሞ ኬንታኪ ላይ በዓለም ሻምፒዮና ሦስት ወርቅ ወሰደ። ቦታውን ሳይለቅ ሶምሶማ ሲመታ የፊት እግሩን የሚያነሣበትን ከፍታ ያየ አይረሳውም። ይህ ከየት መጣ? ከአባቱ ከግሪባልዲ! ግሪባልዲ ትራኬነር ነው፤ በ1732 ምሥራቅ ፕሩሺያ ከተመሠረተው እርባታ ጀምሮ ሲመረጥ የኖረ ዘር። የግሪባልዲ ልጅ ኢዚ ጌም ደግሞ ዳሌራን ወለደ። እሷም በቶኪዮም በፓሪስም የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደች። አባቱ እንዲህ ያለ ከሆነ ባዝራዋ ማንም ብትሆን ግድ የለም።

ተቃዋሚ፦ «ባዝራዋ ማንም ብትሆን ግድ የለም» ብለው ጻፉ። ይህን አንብቤ ዝም ማለት አልችልም። የቶቲላስ እናት ሎሚንካ ትባላለች። ስሟን እንኳ አልጠሩም። ውርንጭላው ዘሩን እኩል ከሁለቱም ነው የሚወርሰው። አሥራ አንድ ወር ገደማ በሆዷ ያደረው፣ ከዚያም ጡቷን እየጠባ ወራት ከጎኗ የዋለው ግን ከእናቱ ጋር ነው። ሰው ሲቀርብ ትደነግጣለች ወይስ ትረጋጋለች፣ እሱን ከእሷ ያያል። የአባቱ የዘር ፈሳሽ እኮ በዛሬ እርባታ በረዶ ሆኖ ተጭኖ ይመጣል!

ደግሞ ምስክር ያደረጓት ዳሌራ ራሷ ባዝራ ናት። በ2014 ለንደን ላይ 94.30 በመቶ ያገኘው፣ ቫሌግሮ የተባለውስ? የተኮላሸ ፈረስ ነው፤ አንድም ልጅ የለውም። ዘር መራጮቹ ያን ያህል የሚያውቁ ከሆነ እንዴት የእሱ ዘር ቀረ?

ደጋፊ፦ ባዝራ የምንቅ አስመሰሉኝ። በፈረስ ፍቅር ለኖረ ሰው ይህ ከባድ ነው። እኔ የተናገርኩት ገበያው ስለሚያየው ነገር ነው። ውርንጭላ ሊገዛ የመጣ ሰው በመጀመሪያ «አባቱ ማን ነው?» ይላል። ጀርመናዊው ፈረስ አርቢ ፓውል ሾከምዮለ በ2010 ቶቲላስን ወደ ጀርመን ሲወስድ ለሜዳሊያ ብቻ አልነበረም፤ ለዘሩም ነው። ይህ ሰው ፈረስ አያውቅም ሊሉኝ ነው?

ተቃዋሚ፦ የተነሣነው ስለ ዘር ነበር፤ አሁን ገበያ ሆነ። ይሁን፣ ስለ ገበያውም ልናገር። ስመ ጥር ድንጉላ በአንድ ዓመት የብዙ ባዝሮች ውርንጭላ አባት ይሆናል። ባዝራዋ በዓመት አንድ ብትወልድ ነው። ከመቶ ልጆቹ አምስቱ ቢያበሩ አምስቱ ይወራሉ፤ ዘጠና አምስቱን ማንም አያነሣም። እናቲቱ ግን አንዱ ልጇ ካልተሳካ አበቃላት። ይህን ሚዛን አይቶ ነው «ግድ የለም» የሚባለው?

ጀርመን ከሄደ በኋላስ? ደሙ ያው፣ ፈረሱ ያው። ማቲያስ ራት ጋለበው፤ ያ የኬንታኪ ቶቲላስ ግን አልተመለሰም። በ2015 አኸን ላይ ተወዳድሮ በዚያው ከውድድር ተሰናበተ።

ደጋፊ፦ ፈረሱ ተጎድቶ ነበር! የታመመን እግር ዘር አያድነውም። ጋላቢውን ካነሡ ግን ደስ ይለኛል። ቶቲላስ ሲሸጥ ጋል ያለ እሱ ቀረ። ታዲያ ቶኪዮ ኦሊምፒክ ላይ ኮርቻ ጭኖ የገባው በማን ላይ ነው? በቶታል ዩኤስ፣ በቶቲላስ ልጅ! ያንን ፈረስ ከማንም በላይ የሚያውቀው ሰው ተመልሶ ወደ ዘሩ ሄደ። ለዚህ መልስ የለዎትም።

ተቃዋሚ፦ መልስ አለኝ። ጋል ቶቲላስንም ልጁንም ያሠለጠነ ትልቅ ባለሙያ ነው፤ ያንን ሁሉ ለደም ብቻ መስጠት እሱንም መበደል ነው። ቶታል ዩኤስም እናት አለችው። አሁንም ስሟን አልጻፉም። ይጻፉልኝና እንቀጥል።