ባንዳችንን የበተነችው አንዲት መስመር

ባለፈው ሳምንት አንድ የደብረ ብርሃን ልጅ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ከጓደኞቼ ጋር የሮክ ባንድ ጀምረናል። ማናጀር ይሁኑልን» አለኝ። ደስ አለኝ። ወዲያው ግን «ዘፈኑ የማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «የሁላችንም ነዋ!» አለ። ልቤ ድንግጥ አለ። እኛም እንዲሁ ነበር የምንለው።

እዚሁ ደብረ ብርሃን ለአራት ዓመት የአምስት ልጆች ባንድ ማናጀር ነበርኩ። የምንለማመደው የአንዱ ልጅ እናት ጠላ ይጠምቁበት በነበረ ጓዳ ነው። ጎረቤት እንዳንረብሽ ግድግዳውን ዙሪያውን በብርድ ልብስ ሸፈንነው። መቼም የብርድ ልብስ ፋብሪካ ባለበት ከተማ እሱ አይጠፋም። ያም ሆኖ የጠዋቱ ብርድ አይቻልም ነበር። ጊታሪስቱ ጣቶቹን በሻይ ብርጭቆ ሳያሞቅ ክር አይነካም። ክር ከተበጠሰ ደግሞ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ መግዛት ነው።

ሰው «ለምን ተበተናችሁ?» ሲለኝ «ኑሮ ነው» እያልኩ ስንት ጊዜ አልፌዋለሁ። እውነቱ ግን እሱ አይደለም።

አዲስ አበባ አንድ ዘፈን ልንቀዳ ስቱዲዮ ገባን። ከመጀመራችን በፊት ቅጽ ሰጡን። «የግጥምና የዜማ ደራሲ» ይላል፤ ከጎኑ አንዲት ባዶ መስመር አለች። ድምፃዊው እስክሪብቶ አንስቶ የራሱን ስም ጻፈ። ክፋት አልነበረበትም፤ ግጥሙ የሱ ነው። ነገር ግን ሰው ያንን ዘፈን የሚያውቀው በቤዝ ጊታር መግቢያው ነበር። መግቢያውን ያመጣው ቤዚስቱ ነው። መብራት በጠፋበት ምሽት፣ ያለ አምፕሊፋየር፣ ሻማ አብርተን እየደጋገመ ሲመታው አጠገቡ ነበርኩ። ቤዚስቱ ወረቀቱን አየ። ምንም አላለም። እኔም አየሁ፤ እኔም ምንም አላልኩም። መናገር የነበረብኝ ግን እኔ ነበርኩ።

ስንመለስ መኪናው ሸኖ ላይ ቆመ። ሁሌ እዚያ ወርደን ሻይ እንጠጣለን። ያን ቀን ማንም አልወረደም። ጫጫን እስክናልፍ ቃል የተነፈሰ የለም። ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ቆየን። ሸዋ ሮቢት ሠርተን ስንመለስ በአበል ተጣሉና ተለያዩ። ሰው ሁሉ «በገንዘብ ተጣሉ» አለ። አበሉ ሰበብ ነው። ነገሩ ያለቀው ሸኖ ላይ ነው።

ባንድ የሚፈርሰው በጠባይ ወይም በሴት ይመስለናል። የእንግሊዞቹን ባንድ ቢትልስን የበተነቻቸው የአባሉ የጆን ሌነን ሚስት ዮኮ ኦኖ ናት ሲባል ሰምተናል። ማናጀራቸው ብራያን ኤፕስታይን እ.ኤ.አ. በ1967 ከሞተ በኋላ ሥራቸውንና ገንዘባቸውን ማን ይምራ በሚለው መጣላታቸው ግን ብዙ አይወራም። በ1970 የመጨረሻ ቀን ከአባላቱ አንዱ ፖል ማካርትኒ ሽርክናው ይፍረስልኝ ብሎ ፍርድ ቤት ሄደ። ኩዊን የሚባለው የእንግሊዝ ባንድ ልጆች በ1989 ካወጡት አልበም ጀምሮ ሌላ መላ ዘየዱ። ማንም ይጻፈው ማን፣ ደራሲው ባንዱ ነው ተባለ። ይህን ሳነብ ያቺ መስመር ናት ትዝ ያለችኝ።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። እናቶቻችን ዕቁብ ሲጥሉ ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ። ዕጣ የደረሳት ዋስ ሳትጠራ ብሩን አታነሳም። ስለማይተማመኑ አይደለም፤ በየቀኑ ቡና የሚጠራሩ ናቸው። ገበሬውም መሬቱን ለእኩል ሲሰጥ ዘሩ ከማን፣ በሬው ከማን፣ ገለባው ለማን የሚለውን ሞፈር ሳይነሳ ይነጋገራል። ለገለባ የሚነጋገሩ ሰዎች ልጆች ሆነን ለዘፈናችን አልተነጋገርንም። «ወንድማማች ነን» እያልን ውል ማንሳት ነውር መሰለን።

ሕጉ እንደሆነ አለ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በጋራ የተደረሰ ሥራ የጋራ ደራሲዎቹ ነው ይላል። የገንዘብ ጥቅሙም ደራሲው በሕይወት እያለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ነገር ግን መግቢያውን ማን እንዳመጣው ሕጉ አያውቅም። የሚያውቀው ያኔ ጓዳው ውስጥ የነበረ ሰው ነው።

«ገና ምንም ሳይኖራቸው ምን ሊካፈሉ?» የሚለኝ ሰው አለ። እኔ ሳይኖር ነው የሚሻለው እላለሁ። ገንዘቡ ከመጣ በኋላ እያንዳንዱ ድርሻውን እያየ ነው የሚናገረው።

የሒሳብ ደብተሬ እስካሁን አለ። ለጄኔሬተር ነዳጅ፣ ለታክሲ፣ ለምሳ ያወጣሁት ሁሉ በሳንቲም ተጽፏል። ዘፈኖቹን ማን እንደደረሳቸው ግን አንድም ገጽ ላይ የለም። ዛሬም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ያ ቤዚስት አሁን ጊታር አይነካም።

ልጁን «ቅዳሜ አምስታችሁም ኑ። ጊታሩን ቤት ተዉትና ደብተር ይዛችሁ ኑ። የእያንዳንዱን ዘፈን ግጥምም፣ ዜማም፣ መግቢያም ማን እንዳመጣው ጻፉ» አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ሁለተኛው ዘፈን ላይ እንኳን አንስማማም» አለኝ።