ድምጿ ያምራል፣ ጥያቄዋስ?

ካቡል በታሊባን እጅ የወደቀችው እ.ኤ.አ. ኦገስት 15 ቀን 2021 ነው። ዕለቱ እሑድ ነበር። የቢቢሲን ዓለም አቀፍ ዜና ከለንደን ታቀርብ የነበረችው ያልዳ ሐኪም በቀጥታ ስርጭት ላይ ሳለች የእጅ ስልኳ ጠራ። ደዋዩ የታሊባን ቃል አቀባይ ሱሄይል ሻሂን ነበር። ያልዳ ስልኩን አልዘጋችውም። ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጋ ወደ ማይክሮፎኗ አስጠጋችውና መጠየቅ ጀመረች። ሰውየው በቀል አይኖርም አላት። እሷ ደግሞ ስለ ሴቶች ዕጣ፣ ስለ ቅጣቱ ዓይነት እየመላለሰች አፋጠጠችው።

ይቺ ሴት የተወለደችው እዚያው ካቡል ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1983። የስድስት ወር ሕፃን ሳለች ወላጆቿ ከሶቪየቶች ጦርነት ሸሽተው በእግርና በፈረስ ወደ ፓኪስታን ተሻገሩ። ከዚያ አውስትራሊያ ተቀበለቻቸው። የጋዜጠኝነት ሥራውን የጀመረችው በአውስትራሊያው ኤስቢኤስ ቴሌቪዥን ነው። በ2012 መጨረሻ ቢቢሲ ገባች፣ በ2023 ደግሞ ወደ ስካይ ኒውስ ተሻገረች። እንግዲህ እንደኛው የስደተኛ ልጅ ናት። የትውልድ ከተማዋ በዓይኗ ሥር ስትወድቅ አልተሳደበችም፣ አላለቀሰችም። ጠየቀች እንጂ።

እኔ በበኩሌ ያን ስርጭት እያየሁ ሐሳቤ ወደ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ሄደ። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያም አገር ጥለው መውጣታቸውን ሕዝቡ የሰማው በሬዲዮ ነው። መግለጫው ተነበበ፣ አለቀ። እንዴት ወጡ? ጦሩ አሁን በማን እጅ ነው? ነገስ ምን ይውጠናል? ይሄ ሁሉ የተጠየቀው በየሳሎኑና በየቡና ቤቱ ነው። ዜና አንባቢውን አልወቅስም። በዚያ ቀን ያንን ወረቀት ይዞ ማይክሮፎን ፊት መቀመጥ ራሱ ወኔ ይፈልጋል። የሚገርመኝ ከዚያ ወዲህ ስንት ነገር ተለዋውጦ የምሽቱ 2 ሰዓት ዜና ጠባይ አለመለወጡ ነው። ሚኒስትሩ ገለጹ፣ አሳሰቡ፣ አስገነዘቡ። አንድም ቀን ተጠየቁ ሲባል አልሰማሁም።

ነገሩ ሥር አለው። የወሎን ረሃብ በ1966 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ለዓለም ያሳየው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ነው። የእኛው ቴሌቪዥን ያን ፊልም ለሕዝብ ያሳየው መቼ ነው? ደርግ ንጉሡን ሊያወርድ ባንድ ቀን ሲቀረው፣ በ1967 የእንቁጣጣሽ ምሽት። ያውም ከቤተ መንግሥት የድግስ ምስል ጋር ተቀጣጥሎ። ሕዝቡ ሲያልቅ ያልታየ ፊልም ንጉሡን ለማውረድ ሲፈለግ ታየ። ከዚያ በኋላ የመጡትም ቢሆኑ ቴሌቪዥን ለምን እንደሚጠቅም ከዚያች ምሽት በደንብ የተማሩ ይመስለኛል።

እዚህ እንግሊዝ አገር ያለውን ደግሞ ገነት አድርጌ ልስለው አልፈልግም። እዚህም ዜና አቅራቢዎቹ ያነባሉ። ጽሑፉ ከካሜራው ፊት ባለ መስታወት ላይ ይወርዳል፣ በጆሯቸው የተሰካው ማዳመጫ ውስጥ አዘጋጁ ያለማቋረጥ ያወራል፣ ሰከንድ ይቆጥራል። ለመልክም ይጨነቃሉ። እንጀራውም አስተማማኝ አይደለም። ቢቢሲ በ2023 የአገር ውስጡንና የዓለም አቀፉን የዜና ጣቢያ ሲያዋህድ ስንት የምናውቃቸው ፊቶች ከስክሪን ጠፉ። ልዩነቱ የሚታየው ጽሑፉ ሲያልቅ ነው። እንግዳ ሲገባ፣ ስልክ ሲጠራ፣ ያልተጠበቀ ነገር ሲፈጠር። ያኔ ከመስታወቱ ላይ የሚነበብ የለም። እዚያ ወንበር ላይ የሚያስቀምጡት ለዚያች ሰዓት የሚሆን ሰው ነው።

ጋናዊው ኮምላ ዱሞር ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ሕክምና መማር ጀምሮ የተወ ሰው ነው። (ይህን ስታነቡ ስንት አበሻ እናት ደረቷን እንደያዘች ይታየኛል።) አክራ ውስጥ በጆይ ኤፍኤም የመንገድ ትራፊክ ዘገባ ሲያቀርብ ቆይቶ የጠዋቱን ፕሮግራም ተረከበ። ባለሥልጣኖቹን በጠዋቱ እያፋጠጠ ስም አወጣ፣ በ2003 የጋና የዓመቱ ጋዜጠኛ ተባለ። ቢቢሲ የወሰደው ይሄን ሁሉ እዚያው አገሩ ካሳየ በኋላ ነው። ለንደን ሲመጣም አነጋገሩን አላጠበም፣ እንደ ጋናዊ ተናገረ፣ ሳቁም ያው የአክራ ሳቅ ነበር። በ2013 መጨረሻ የማንዴላን ቀብር ዘገበ። በወሩ፣ ጃንዋሪ 18 ቀን 2014፣ በ41 ዓመቱ ለንደን ቤቱ ውስጥ ሞተ። ጋና ከፕሬዝዳንቷ ጀምሮ አለቀሰችለት።

ካርቱም የተወለደችው ዘይነብ በደዊም አለች። በሁለት ዓመቷ ነው ለንደን የመጣችው። ኦማር አልበሽር በዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት የእስር ማዘዣ በወጣባቸው ዓመት፣ በ2009፣ ፊት ለፊት ተቀምጣ ስለ ዳርፉር ጠየቀቻቸው። የገዛ አገሯ ፕሬዝዳንት ነበሩ። እስቲ ከእኛ መካከል አንዷ እንዲህ ብታደርግ ምን እንደምንላት አስቡት። ግማሻችን ባንዳ፣ ግማሻችን ተላላኪ። የቀረው የማን ዘር እንደሆነች ለማወቅ የአያቷን ስም ሲፈልግ ያድራል።

ትዝብቴ እዚህ ላይ ነው። የጥያቄ ጠላት መንግሥት ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ እኛ ውጭ ያለነው ስንት ጠያቂ ባፈራን ነበር። ፖሊስ አይመጣብንም፣ ሳንሱር የለብንም። ግን በስደት የተከፈቱት ጣቢያዎቻችንን ተመልከቱ። አዲስ አበባ ያለውን ባለሥልጣን ቆዳውን እስኪገፉት ይጠይቃሉ። የራሳቸው ወገን መሪ ስቱዲዮ ሲገባ ግን አቅራቢው የሠርግ ሚዜ ይሆናል። "እንኳን ደህና መጡ፣ ለሕዝባችን የሚያስተላልፉት መልእክት ካለ?" ይሄ ምኑ ጥያቄ ነው? ኧረ ተዉ!

ቀጣሪህን መጠየቅ ደግሞ ሌላ ደረጃ ነው። ቢቢሲ በ2017 ከ150 ሺህ ፓውንድ በላይ የሚከፈላቸውን አቅራቢዎች ስም ዝርዝር ለማውጣት ተገደደ። ገንዘቡ የሕዝብ ነው፣ ቴሌቪዥን የሚያይ ቤተሰብ በየዓመቱ የፈቃድ ክፍያ ይከፍላል። ዝርዝሩ ሲወጣ ሴቶቹ ከወንዶቹ በታች ሆነው ተገኙ። የቻይና ኤዲተር የነበረችው ኬሪ ግሬሲ በጃንዋሪ 2018 በግልጽ ደብዳቤ ተቃውማ ኃላፊነቷን ለቀቀች። የሚገርመው፣ ደብዳቤው በወጣ ማግስት ጠዋት የዚያው የቢቢሲ ሬዲዮ ፕሮግራም አቅራቢ ሆና ተሰይማ ነበር። በኋላ ይቅርታ ተጠየቀች፣ ቀሪ ደመወዟም ተከፈላት፣ ገንዘቡን ለበጎ አድራጎት ሰጠችው። የእኛ አገር አቅራቢ ደመወዙ ስንት እንደሆነ ማን ያውቃል? የምናውቀው ወር ለመድረስ ሠርግ እንደሚመራና ማስታወቂያ እንደሚሠራ ብቻ ነው። የሳሙና ማስታወቂያ የሠራለትን ነጋዴ ነገ ስለ ዋጋ ንረት ጠይቀው ማለት ደግሞ ይከብዳል።

እኔ በማውቀው አንድ ቤት እዚህ ያደገች ልጅ ጋዜጠኝነት እየተማረች ነው። እናቷ ለሰው ሲናገሩ "ኮሙኒኬሽን ነገር" እያሉ ያድበሰብሱታል። ነርሲንግ ብትማር ኖሮ ስሙን አሳምረው ይጠሩት ነበር። ልጅቷ አማርኛዋ ጥርት ያለ፣ ድምጿም የሚያምር ነው። ስለዚህ ዘመድ አዝማዱ ሠርግ በደረሰ ቁጥር መድረክ እንድትመራ ይጠራታል። "እንደ ቴሌቪዥን ነው የምታወሪው!" ይሏታል። አቤት ሲወዷት!

ባለፈው ጊዜ ግን በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ እጇን አወጣች። ሊቀመንበሩን ጋሼ ብላ፣ አንቱ ብላ፣ ለአዳራሽ መግዣ ከሰበሰብነው ገንዘብ ምን ያህሉ ባንክ እንዳለ ጠየቀቻቸው። ሊቀመንበሩ ስለ አንድነት ተናገሩ። እንደገና ጠየቀች። ስለ ታላላቅ አባቶቻችን ተናገሩ። ሦስተኛ ስትጠይቅ ምግብ ቀረበ ተባለ። እናቷ እስከ ቤት ድረስ አላናገሯትም። የሚቀጥለውን ሠርግ ሌላ ልጅ ትመራዋለች አሉ፣ ድምጿ ለስለስ ያለ።