እርማት፦ የድሬ ፀሐይ ጠርሙስ ታደርቃለች እንጂ አታመክንም

«ቤት ለተጠመቀ ቢራ ጠርሙሱን አለቅልቆ የድሬዳዋ ፀሐይ ላይ ግማሽ ቀን መድፋት ይበቃል፤ ሙቀቱ ጀርሙን ይጨርሰዋል» የሚል ምክር ብዙዎች እየተቀባበሉት ነው። ከአክብሮት ጋር፣ ልክ አይደለም። ቡናማ ጠርሙስ ጀርም የሚገድለውን የፀሐይ ጨረር (አልትራቫዮሌት) አብዛኛውን ይከላከላል፤ የውስጡም ሙቀት ከፈላ ውሃ በብዙ ያንሳል። ታቹ ላይ የደረቀ አተላ ካለማ ጀርሙ እዚያው ተሸሽጎ ይተርፋል። የተረፈው የዱር እርሾ (ጠማቂው ሳይጨምረው የገባ እርሾ) በቢራው የቀረውን ስኳር እየበላ ጋዝ ይጨምራል፦ ሲከፈት ይገነፍላል፣ ሲብስም ጠርሙሱ ይፈነዳል።

መጀመሪያ በሙቅ ውሃና በጠርሙስ ብሩሽ ፈትጉ፤ ከዚያ ወደ ብርሃን አንሥታችሁ ታቹን እዩ። ነጭ ሽፋን ከታየ የድሬ ውሃ የሚተወው ኖራ ነው፤ በአቼቶ ይለቃል። አቼቶው ታጥቦ ሳይወጣ ግን በረኪና እንዳታስገቡ፤ ሲገናኙ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በ4 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ ሽቶ የሌለው 5 በመቶ በረኪና በጥብጣችሁ ጠርሙሱን 20 ደቂቃ ዘፍዝፉ። በመጨረሻ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ፣ ሽታው እስኪጠፋ አለቅልቁ። የቧንቧ ውሃ እዚህ ላይ ልፋቱን መና ሊያስቀረው ይችላል።