እርማት፦ ቆማ የምትከርም መኪናን ለ5 ደቂቃ ማስነሳት አይጠቅማትም

ወንድማችን፣ ቺካጎ ለሚኖረው ታናሽዎ «በረዶው እስኪያልፍ ስፖርት መኪናህን ጋራዥ አስገባት፤ ሞተሯን ግን በየሳምንቱ 5 ደቂቃ አስነሳት» ብለው መክረዋል። ማቆሙ ትክክል ነው፤ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ብረት ይበላል፣ የበጋ ጎማም ከ7 ዲግሪ በታች ይደርቅና መሬት መቆንጠጥ ያቅተዋል። ማስነሳቱ ግን ይጎዳታል። ይህን ምክር እዚህ ጎንደርም፣ ከፒያሳ እስከ አዘዞ፣ ደጋግሜ ስለምሰማው ዝም ማለት አልቻልኩም።

ቤንዚን ሲቃጠል የውሃ እንፋሎት ይፈጠራል። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ እንፋሎቱ ወጥቶ ይሄዳል፤ በ5 ደቂቃ ግን አይሞቅም። ስለዚህ ውሃው ዘይቱና ማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ውስጥ ይቀራል፣ ያልተቃጠለ ቤንዚንም ዘይቱን ያቀጥነዋል። ባትሪውስ? ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ የወሰደበትን ኃይል፣ ባትሪ የሚሞላው ዲናሞ በዚያች አጭር ጊዜ አይመልስለትም። በየሳምንቱ እየደከመ ይሄዳል፤ የደከመ ባትሪ ደግሞ፣ የተሞላ ባትሪን በማይጎዳ ብርድ እንኳ፣ በረዶ ሆኖ ይሰነጠቃል። ከሁሉም የሚያሳስበኝ የተዘጋ ጋራዥ ነው፤ ጭሱ ሰው ይገድላል።

ታናሽዎ ከማቆሙ በፊት ጨውን አጥቦ ያድርቃት፣ ዘይት ይቀይር፣ ቤንዚኑን ከማቆያ ኬሚካል ጋር ይሙላ፣ ጎማውን በልኩ ይንፋ። የእጅ ፍሬኑን ለቅቆ ጎማው ሥር ታኮ ያድርግ፤ የፍሬኑ ሸራ ተጣብቆ እንዳይቀር ነው። ባትሪውን በቀስታ ከሚሞላ አውቶማቲክ ቻርጀር ጋር ያገናኘው። የግድ ካስነሳት፣ ጨው በሌለበት ደረቅ መንገድ ዘይቱ በደንብ እስኪሞቅ ይንዳት።

እኛም ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡን ፈርተን መኪና ስናቆም፣ ከብርዱ በቀር ነገሩ ያው ነው።